ወረቀት የሌላት ዳሃባ

አሰብ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ሂሩት፣

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ወደብ የቆመ መርከብ የማን አገር እንደሆነ ባንዲራውን ከሩቅ አይቼ እለያለሁ። ከካምፖ ሱዳን እስከ ገበያ ታክሲ ሳልይዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፤ ይኸንን ደብዳቤም ራሴ እጽፋለሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው የሚጽፉት ባዩኝ ቁጥር "ኑ አባባ፣ እኛ እንጻፍልዎ" ይሉኛል። "ለልጄ የምለው እናንተን ምን አገባችሁ!" ብዬ አልፋለሁ። ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድብሽ ጥፋቱ የእናትሽ ነው፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና።

እንግዲህ ደሴ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ ላልሽኝ መልሱ ይኸው ነው። እግዜር ይስጥልኝ፤ አልመጣም። የደሴ ብርድ ጉልበቴን አይወደውም። ደግሞም "አባባ ይብሉ፣ አባባ ይረፉ" እየተባልኩ የምውል ሰው አይደለሁም። የጫኝና አውራጅ ካፖ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሰው ያዘዝኩ ነኝ፤ አሁን ተነሥቶ የሚያዘኝ አልፈልግም።

ማን ያበስልልዎታል ብለሻል። እናትሽ በታመመች ጊዜ የገባችውን የአፋሯን ሴት፣ ዳሃባን ታስታውሻታለሽ። አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች።

ባልሽ ይልቃል ወረቀት አላት ወይ ማለቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊነቱ ነው፤ አልፈርድበትም። የላትም። የተወለደችው ከድንበሩ ማዶ ፈረንሳይ በሚገዛው በኦቦክ በኩል ነው። የሥራ ፈቃድ እናውጣልሽ ብዬ ነግሬያት ነበር። "የውጭ አገር ሰው ነኝ ብለሽ መፈረም አለብሽ" ስላት ዓሣ የምትከትፍበትን ቢላዋ ቁጭ አድርጋ ሳቀችብኝ።

"የአባቴ ግመሎች ከዚያም ከዚህም ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። እህቴ ከዚህ ከድንበሩ ወዲህ ራሔይታ ነው ያለችው። አንተ ከየት መጣህ?"

"ከወሎ።"

"ታዲያ ማነው የሚፈርመው?"

እንዲህ ናት። ለእኔም "አንተ"፣ ለጉምሩክ ሹሙም "አንተ" ነው። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

አባትሽ ወሰኔ


አሰብ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ሂሩት፣

ይህን ያህል ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ። ደሴ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር የነገረሽ እውነት ነው። የእኔን ነገር ሰው ቀድሞ ሲያወራብኝ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ሆኖም እውነት ነው።

ኅዳር ላይ ወባ ያዘኝ። በሁለት መስመር ወረቀት ደህና ነኝ ብዬ በጻፍኩልሽ ሰሞን ነው። አተኩሶኝ ስቃዥ ዳሃባ ብብቴ ገብታ ደግፋ ታክሲ ላይ ጫነችኝ። "ልቀቂኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ" ስላት "ትሄዳለህ፣ ወደ መቃብር" አለችኝ። ባለታክሲው ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ የሚያወጣው ልጅ "ምናቸው ነሽ?" አላት። "ሠራተኛው ነኝ" አለች። "ስምሽን ልጻፍ፣ መታወቂያ?" ሲላት የላትም። እዚያው ለሌላ ጉዳይ የመጣ ፖሊስ ቆሞ ኖሮ ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔ አልጋ እስክይዝ ጠብቆ ነው የወሰዳት። ስነቃ ውሃ የምታጠጣኝ ሌላ ሴት ነበረች።

አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች ያልኩሽ ልክ አይደለም። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ነው የምታድረው። ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። አንቺ ደሴ ልውሰድዎ እንዳትዪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።

አሁን እሷ ጣቢያ ናት። እኔም መጥሪያ መጥቶልኛል፤ የሥራ ፈቃድ የሌላት የውጭ አገር ሰው በቤቱ ቀጥሮ አሠርቷል ተብያለሁ። ፈሩ ወይ ላልሽው አልፈራሁም። ቀጥሬያታለሁ፣ ቀጥሬያታለሁ እላለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ድንበር ያሻግሯታል ይላሉ።

እኔ የራሴን ፍርድ እችላለሁ። እሷን ከዚህ ቤት እንዳይወስዱብኝ የሚያደርግ ነገር ካለ ይልቃልን ጠይቂልኝ። ለራሴ አይደለም የምጠይቀው፤ እንደዚያ አድርገሽ ንገሪው።

አባትሽ ወሰኔ


ደሴ፣ ጥር 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፤ ከዚያም ተናደድኩ። ወባ ይዞዎት ደህና ነኝ ብለው ይጽፋሉ? እማዬ ብትኖር ምን ትልዎት ነበር?

ይልቃል ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተማክሯል። እባክዎ አባዬ፣ ግትር ሳይሆኑ ይስሙኝ። "ቀጥሬያታለሁ" ካሉ እርስዎ ጥፋተኛ ይሆናሉ፤ እሷም ያለ ፈቃድ ስትሠራ የተያዘች ተብላ ትባረራለች፤ ተመልሳ ፈቃድ ብትጠይቅ እንኳ አይሰጧትም። ነገር ግን የሟች ባለቤቴ ወዳጅ ናት፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው፣ ሠርታም አታውቅም ካሉ እርስዎን በነጻ ይለቁዎታል። እሷም ለጊዜው ሄዳ ወረቀቷን አስተካክላ ትመለሳለች። ቃሏ ከቃልዎ እንዲገጥም ብቻ አስቀድመው ይላኩባት።

ውሸት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ስለ ራስዎ ብለው ባያደርጉት ስለ እሷ ብለው ያድርጉት።

አንድ ነገር ልበልዎ፣ አይቆጡኝ። ስለ ዳሃባ የጻፉትን ለይልቃል ጮክ ብዬ ሳነብለት፣ ከመሀል አቋረጠኝና "ስለ እናትሽ ነው የሚጽፉት?" አለኝ።

ልጅዎ ሂሩት


አሰብ፣ የካቲት 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ሂሩት፣

ምን ተፈረደ ላልሽኝ፣ ከፍርዱ በፊት የሆነውን ልንገርሽ።

ይልቃል እንዳለው አደረግሁ። የጣቢያውን ምግብ የምታቀብለው የዓሣ አጥማጁ የኻሊፋ ሚስት ናት። በእሷ በኩል "ሠርቼ አላውቅም፣ ልጠይቀው ነው የመጣሁት በይ" ብዬ ላክሁባት። "እሺ ብላለች" ብላ መለሰችልኝ።

ችሎት ቀረብን። አስማሉኝ። ዳኛው ጨዋ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም "አባት" ነው የሚሉኝ።

"አባት፣ ይህች ሴት ሠራተኛዎ ናት?"

"አይደለችም።"

"በቤትዎ ሠርታ ታውቃለች?"

"ሠርታ አታውቅም። የሟች ባለቤቴ ወዳጅ ናት፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው።"

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። አስተርጓሚው ዓብዱልሐኪም፣ እሱም አፋር ነው፣ ቃሌን ለእሷ መለሰላት። እሷ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ፤ ሙያዬን በሰው ፊት ያቀለለብኝ ይህ ሰው ማነው እንደሚል ሰው።

ከዚያ ዳኛው "እሷን ጠይቃት" አሉት። ዓብዱልሐኪምም እንደ አገሩ ወግ በዳጉ ጀመረ።

አንቺ እዚሁ ስላደግሽ ታውቂዋለሽ። ይልቃል ግን የሕግ መጽሐፍ እንጂ ዳጉን አያውቅም። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ከእነሱ ጋር ኖሬ እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። አፋርና አፋር ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረዋል። ከየት መጣሽ፣ ምን አየሽ፣ ማን አለ፣ ማን ሞተ። በዳጉ የዋሸ ሰው በዚህ ጠረፍ ሁሉ ሁለተኛ ሰሚ አያገኝም። ዳሃባ እሺ ያለችኝ ለዳኛው ነበር፤ ለዳጉ እሺ አላለችም።

ጀመረች። በየት በኩል እንደመጣች፤ እናትሽ ትርፌ እንዴት እንደታመመች፤ ምግብ መብላት ሲያቅታት ማን በማንኪያ እንዳጎረሳት፤ እኔ ምን እንደምበላና ምን እንደምተው፤ ስቆጣ ሳህን እንደምገፋ እንኳን ሳይቀር ተናገረች። ዓብዱልሐኪም ተራ በተራ እየተረጎመ፣ ጸሐፊው እየጻፈ። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ አለችኝ፤

"ሽማግሌ፣ ትርፌን ያጠባት እጅ የማን ነበር?"

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። "ከተከሳሽ ጋር መነጋገር አይቻልም!" አሉ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ፍርዱ እንዲህ ነው። ያለ ፈቃድ ስላሠራሁ መቀጫ። ምዬ ስለዋሸሁ እሥራት፤ ነገር ግን ለሽምግልናዬና ለሕመሜ አዝነው እሥራቱን በሁለት ዓመት ገደብ አድርገውልኛል። በሁለቱ ዓመት ውስጥ እሷን ቤቴ ባስገባ ወይም ባሠራ ያን ጊዜ እሥር ቤት እገባለሁ። እሷን ደግሞ ድንበር እንዲያሻግሯት አዘዙ።

በር ላይ ዓብዱልሐኪምን "ከሃዲ" አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። "አባባ ወሰኔ፣ እኔ ጠየቅሁ እንጂ አልመለስኩም" አለኝ።

ካሚዮን ላይ ሲያወጧት ደረስኩ። ስሟን ጠራሁ። ሻሿን አስተካከለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ባሕሩ ዞራ ተቀመጠች። መኪናው እስኪታጠፍ ቆምኩ። አልዞረችም።

መቀጫውን ራሴ ከፍያለሁ። የላክሽውን መልሼልሻለሁ፤ አትቀየሚኝ።

አባትሽ ወሰኔ


አሰብ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ሂሩት፣

ለፋሲካ አለመጻፌን ይቅር በይኝ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወባው አይደለም።

ሌላ ሠራተኛ ይቅጠሩ ላልሽው ቀጥሬ ነበር። ከቦረና የመጣች ልጅ፣ ወረቀቷ ሙሉ፣ ማኅተም በላዩ ላይ። አንገቷን ደፍታ "እሺ አባባ" ትላለች። ወጡ ጨው በዛበት ስላት "እሺ አባባ"። ጨው አነሰው ስላት "እሺ አባባ"። ሳህን ብገፋ ሳህኑን አንሥታ ትሄዳለች። ዳሃባ ብትሆን መልሳ ወደ እኔ ትገፋውና "ጠግበህ ነው ወይስ ጥጋብ ነው?" ትለኝ ነበር። ልጅቷን አመስግኜ ሸኘኋት፤ የምትገባበትም ፈልጌላታለሁ።

ምን ጎደለብዎ ብለሻል። ምን እንደምልሽ አላውቅም። ከውጭ ስትመጣ ከመግባቷ በፊት የላሜራውን በር በመዳፏ ጠፍ ታደርገው ነበር። ማንኳኳት አይደለም፤ መጣሁ ማለት ነው። አሁን ነፋስ በመታው ቁጥር ቀና እላለሁ። ቀትር ላይ እርጥብ ጨርቅ መስኮቱ ላይ ትሰቅል ነበር። እኔም እንደዚያው እሰቅላለሁ፤ ያው ጨርቅ ነው፣ ያው ውሃ ነው፣ ቤቱ ግን አይበርድም።

እናቴን ረሱ ወይ ላልሽው ግን ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን አሳድሬ ነው ይህን የምጽፈው። እናትሽን የማወራው ከማን ጋር ይመስልሻል? በመጨረሻው ሳምንት እኔ ወደብ ላይ መርከብ ሳራግፍ ትርፌ ምን እንዳለች፣ በምን እንደሳቀች፣ ማንን እንደጠራች የምታውቅ አንድ ሰው ዳሃባ ናት። ማታ ማታ ጥቂት ጥቂት ትነግረኝ ነበር፤ ሁሉንም ባንዴ አትጨርስም። ገና ያልነገረችኝ አለ። እሷን ሲወስዱ ትርፌንም ነው የወሰዱብኝ።

ሊያገቧት ያስባሉ ወይ ያልሽው የሰው አፍ ነው። እሷ ሃይማኖቷ የራሷ፣ እኔም የራሴ። ተጠያይቀን አናውቅም። ነገር ግን ላንቺ ውሸት ሰልችቶኛል፤ ቤት ውስጥ ድምፅ ሲሰማ የእሷ ቢሆን እላለሁ። ከዚህ ያለፈ ስም አላወጣሁለትም።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽና ሳቂ። ዳሃባ ፊደል አታውቅም፤ ብጽፍላት ማን ያነብላታል? ኻሊፋ በጀልባው ወደ ራሔይታ ሲሄድ ለእህቷ መልእክት እንዲነግርልኝ የዓሣ አጥማጆቹ ዳርቻ ወረድኩ። መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል።

"ሰላም ብሎሻል በልልኝ" አልኩት።

"ይህ ዳጉ አይደለም" አለኝ። "እህትየው ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ሙሉውን ንገረኝ። በላህ? ታመምክ? ቤቱ እንዴት ነው? ለምን ላክህ?"

"ሰው እየሰማ?"

"ዳጉ እኮ ሰው እንዲሰማው ነው፣ ካፖ።"

ምን ላድርግ። ቆሜ ተናገርኩ። ሳህን የሚገፋልኝ የለም አልኩ። የነፋሱን ነገር ተናገርኩ። ካልጨረስክ አትሄድም ብሎ ሲይዘኝ "ናፍቃኛለች በላት" አልኩ። መረቡን የሚጠግኑት ሁሉ ቀና አሉ። አንዱ ሽማግሌ "ያ የሚጮኸው ካፖ? ናፈቀ?" ብሎ በአረብኛ ለጎኑ ሰው ነገረው። እኔም በአረብኛ "አዎ፣ ናፈቀ" አልኩት። አሁን ከአሰብ እስከ ራሔይታ ከግመሎቹ በስተቀር ያልሰማ የለም።

መልሱ ገና አልመጣም። ባሕሩ ነፋስ አለው ይላሉ።

አባትሽ ወሰኔ


አሰብ፣ ሰኔ 15 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ሂሩት፣

መልሱ መጣ። ኻሊፋ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረኝ፤ እኔም እንደዚያው ልንገርሽ።

"ገደብ የሚሉትን ዓብዱልሐኪም አስረድቶኛል። እኔ ብመለስ ሽማግሌው ይታሰራል። በዚህ ዕድሜው እሥር ቤት አያወጣውም። ስለዚህ አልመጣም። ደግሞስ ሠርታ አታውቅም በተባልኩበት ቤት ተመልሼ ምን ልሠራ ነው? መናፈቁን ሰምቻለሁ። ራሔይታም ሰምቷል። መካዱንም ሰምቷል።"

ይኸው ነው። ኻሊፋ ተናግሮ ሲጨርስ ፊቴን አላየም፤ ጀልባውን ይፈትሽ ጀመር። ጨዋ ሰው ነው።

ብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ገደቡ ሲያበቃ የካቲት 1966 ይሆናል። እስከዚያ ከቆየሁ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። እግዜር ዕድሜ አይነፍገኝም ይሆናል፤ ግን እንደዚያ ብሎ አልፈረመልኝም። እኔ ወደ እሷ ብሄድ ፍርዱ ይከለክለኝ እንደሆነ ይልቃልን የጠየቅኩት ለዚህ ነው። መልሱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አመስግኚልኝ፣ ጥሩ የሕግ ሰው ነው። ዳኛው እሷን ቤቴ እንዳላስገባና እንዳላሠራ ነው የከለከሉኝ። እኔ ወደ እሷ እንዳልሄድ አልከለከሉኝም።

ከራሔይታ ወጣ ብሎ የወዲያውም የወዲህም ሰው ከብቱን የሚያጠጣበት ጉድጓድ አለ። እሷም የእህቷን ፍየሎች ይዛ ትመጣለች ይላል ኻሊፋ። እዚያ ፍየልን ወረቀት የሚጠይቃት የለም።

አይሂዱ ብለሻል። የሰኔ ሙቀት ይገድልዎታል ብለሻል። አሰብ የኖርኩት በሰኔ ወር እየወጣሁ አይደለም። ልብዎ ደካማ ነው ላልሽው ሐኪሙ የሚለውን ሰምቻለሁ፤ አንቺም እኔን ስሚኝ። እዚህ ተቀምጬ በሩን እያዳመጥኩ ብሞት ለአንቺ ደስ ይልሻል? የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለከበደች እሰጣለሁ። ቅዳሜ በኻሊፋ ጀልባ ነው የምንነሣው። አትከተዪኝ፣ ይልቃልንም አትላኪ፣ ስንቅም ገንዘብም አትላኪ።

የሚቀሩኝ ዕዳዎች አሉ። እኔው ነኝ የምከፍላቸው፤ ማንም እጁን እንዳያገባ።

ዓብዱልሐኪም አለ። በአደባባይ ነው የሰደብኩት፤ ነገ ዓርብ ነው፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ በአደባባይ ይቅርታ እለዋለሁ። ባይቀበለኝም መብቱ ነው።

ኻሊፋ አለ። በእኔ ምክንያት "የካፖው አማላጅ ሽማግሌ" እያሉ ሲያላግጡበት ከርመዋል። መቅዘፍ አልችልም፤ ጀልባው ውስጥ የሚገባውን ውሃ እየጨለፍኩ እደፋለታለሁ።

እናትሽ አለች። መቃብሯን አሸዋ አልብሶታል። ነገ ከሰዓት ሄጄ እጠርገዋለሁ፤ ወዴት እንደምሄድም እነግራታለሁ። ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

አንቺ አለሽ። ደህና ነኝ እያልኩ ያታለልኩሽ። ከተመለስኩ ደሴ መጥቼ ብርዱን ችዬ አንድ ክረምት እቀመጥልሻለሁ፤ "አባባ ይብሉ" ስትዪኝም እበላለሁ።

ለዳኛው የቀረብኝ የለም። የፈረዱብኝን ከፍያለሁ።

ዳሃባ አለች። እጄን አንሥቼ ምዬ ሠርታ አታውቅም ብያለሁ። ጉድጓዱ ዳር ሰው ሲሰበሰብ ዳጉ ይጠይቁኛል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ ይሉኛል። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ እንዴት እንደገባች፣ ትርፌን እንዴት እንዳነሣችና እንዳጋደመች፣ እንዴት እንዳጠበቻት፣ እኔን ታክሲ ላይ እንዴት እንደጫነችኝ፣ ችሎት ላይ ምን ብዬ እንደካድኳት። አፋርኛዬ ይሰበራል፣ ይሳቁብኝ። ጀርባዋን ብትሰጠኝም ለጀርባዋ እናገራለሁ። እንድትመለስ አልጠይቃትም። ሠርታልኛለች እላለሁ።